ታሪክ ቀን መሸምደድ ብቻ ሆኖብናል

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ለትምህርት ክፍላችን ዓመታዊ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ተሰጥቶኛል። ምዕራፉ ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው ትንሽ ነው። ተማሪዎቼ ዓመተ ምህረት ሸምድደው ያልፋሉ፤ በሳምንቱ ሁሉም ይጠፋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ከርዕስ ዝርዝር አይጀምሩ፣ ከጥያቄ ይጀምሩ። ዓድዋን እንውሰድ። «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተዋጋን፣ አሸነፍን» ብለው ቢያልፉ ልጁ ጋ ምንም አይቀርም። ይልቅ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አባዝተው ያድሏቸው፤ የአማርኛውን ከጣሊያንኛው ትርጉም ጎን ለጎን። አማርኛው አጼ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ልዩነቱ አንዲት ግስ ናት! ልጆቹ ራሳቸው ያግኟት፣ ይከራከሩባት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢወስድም አይሳሱ።

ጊዜው ከየት ይመጣል? ከነገሥታት ስም ዝርዝር ይቀንሱ። እውነቴን ነው፣ ማንም አይጎዳም።

የ1966ቱን አብዮት ሲደርሱ ደግሞ ልጆቹን ወደ አያቶቻቸው ይላኩ። «ያኔ የት ነበሩ? ምን ተለወጠብዎ?» ብለው ይጠይቁ፤ በነጋታው የሁለት ቤት ወሬ ሲጋጭ ትምህርቱ ያን ጊዜ ይጀምራል። ግን አደራ፣ መናገር ያልፈለገ ሰው አይገደድ። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ቤት ብዙ ነው።

ፈተናውንም ይቀይሩት። አይተውት የማያውቁትን አጭር ደብዳቤ ይስጧቸውና ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደጻፈው ይጠይቋቸው።