ተራራ ላይ መኪና ሲበላሽ፦ መርፌው ሲወጣ እያየሁ ያላቆምኩበት ቀን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአራት ጓደኞችህ ጋር በአንድ የቆየች ፎር ዊል ተራራ ልትወጡ ነው። መንገዱ ድንጋይና ዳገት ነው። «መሃል መንገድ ላይ ብትበላሽብን ምን እናደርጋለን? ምንስ እንያዝ?» ነው ያልከው። ብዙዎች የዕቃ ዝርዝር ጽፈውልሃል። ጥሩ ነው፣ ያዘው። እኔ ግን ዕቃው ሁሉ ከኋላ ተጭኖ ሳለ ነው አራት ጓደኞቼን ብርድ ላይ ያሳደርኩት። መቆም በነበረብኝ ሰዓት አልቆምኩም። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ይህን ስማኝ።

ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። መኪናዋ የናፍጣ ናት፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ግን አስቸግራኝ አታውቅም። ጠዋት በጊዜ ተነሳን። አምስት ሰው፣ ውሃ፣ ምግብ። ጣሪያው ላይም ጭነት አለ። የመጀመሪያው ሰዓት በጨዋታ አለፈ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝግታና በኃይል የሚያስነዳውን ማርሽ) አስገብቼ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ መውጣት ጀመርኩ።

ዳገት ላይ በእግረኛ ፍጥነት ስትሄድ ሞተሩ ብዙ ይለፋል፣ የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ግን ንፋስ አያገኝም። አስፋልት ላይ በ80 ስትነዳ ንፋሱ ራሱ ይመጣልሃል። እዚያ ግን ያለህ ፋኑ ብቻ ነው። ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ነዳጅ አብዝተህ ትረግጣለህ። ውሃም ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው 3000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛችን «የሆነ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ የተቃጠለ ስኳር ይመስላል» አለች። መስኮት ከፈትን፣ ሽታው ቀነሰ፣ ወሬያችንን ቀጠልን። ያ የኩላንት፣ ማለትም ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሽታ ነበር። ኩላንት ፈስሶ የጋለ ብረት ሲነካ እንደዚያ ይሸታል። መኪና ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተህ፣ ማንም ሰው ከረሜላ ካልከፈተ በቀር፣ ቁም።

ጥቂት ቆይቼ የሙቀት ጌጁን አየሁት። ሁልጊዜ ከመሃል ዝቅ ብሎ የሚቆመው መርፌ መሃሉን አልፏል። አላየሁም ልልህ አልችልም፣ አይቻለሁ። ግን አንድ ጠመዝማዛ ብቻ የቀረን መሰለኝ። «እላይ ደርሰን እናሳርፋታለን» አልኩ። ጠመዝማዛው አለቀና ሌላ ጠመዝማዛ መጣ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄድኩ። ከዚያ መርፌው በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወረደ። «ይኸው በረደች!» አልኩ። ሁላችንም ደስ አለን።

አልበረደችም። ውሃዋ ነው ያለቀው። ጌጁ የሚያሳይህ ሴንሰሩን የከበበውን ውሃ ሙቀት ነው። ውሃው ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል፣ መርፌውም ሊወርድ ይችላል። ከፍ ብሎ የነበረ መርፌ ዳገት ላይ ድንገት ከወረደ ከመውጣቱ የባሰ ምልክት ነው። ይህን ያወቅኩት ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ነው።

ሞተሩን አጠፋሁ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። መርፌው ከፍ ብሎ ግን ምንም የሚፈስ ነገር ከሌለ፣ ቁምና ማርሹን ነፃ አድርገህ ሞተሩን በቀስታ አሠራው፣ የውስጥ ማሞቂያውንም እስከ መጨረሻው ክፈተው። ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ሙቀቱን ይስብልሃል። ውሃ የሚፈስ ከሆነ ወይም እንፋሎት ካየህ ግን ወዲያው አጥፋ።

የቆምነው ዳገት ላይ ነበር። የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ልጆቹ ወርደው ከጎማዎቹ ኋላ ትልልቅ ድንጋይ አደረጉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጎን ወጡ። ከቆመች መኪና በታች በኩል ሰው አይቁም፣ ፎቶ ለማንሳትም ቢሆን።

አንደኛው ጓደኛዬ ፎጣ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሄደ። እጁን ያዝኩት። በዚያች ቀን በትክክል ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ክዳኑ ውሃውን በግፊት አምቆ ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋና በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ሰው ዓይኑን ያጣል። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ይዤ ጨመቅኩት። ጠንካራ ከሆነ ገና ግፊት አለ ማለት ነው። ለስልሶ በእጅ የሚያዝ ሲሆን ክዳኑን ቀስ ብለህ ትፈታለህ።

ብልሽቱን ፍለጋ ብዙ አልደከምንም። የላይኛው ቱቦ ራዲያተሩን የሚነክስበት ጫፍ ላይ፣ ፋሼታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት) አጠገብ፣ የጥፍር ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ዙሪያ ደግሞ አረንጓዴ ነጣ ያለ የደረቀ ቅርፊት ነበር። በጥፍሬ ስነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። ያ ቅርፊት በአንድ ቀን አይሠራም። ቱቦው ለሳምንታት በጠብታ ሲያፈስ ኖሯል፣ እኔ ደግሞ ከጉዞው በፊት ኮፈኑን ከፍቼ ዘይት ብቻ ለክቼ ዘጋሁት። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስንጥቁ ጫፉ ላይ መሆኑ ጠቀመን። ፋሼታውን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ ቱቦውን አወጣሁ፣ የተሰነጠቀውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በቢላዋ ቆረጥኩ፣ የቀረውን ሳብ አድርጌ መልሼ አሰርኩት። ስንጥቁ መሃል ላይ ቢሆን ኖሮ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የሲሊኮን ቴፕ ያስፈልገን ነበር። ቱቦውን አድርቀህ፣ ቴፑን እየወጠርክ፣ ደርበህ ደርበህ ትጠቀልላለህ።

ቀጥሎ የውሃ ክርክር መጣ። ለአምስት ሰው የቀረን የመጠጥ ውሃ 14 ሊትር ነበር። አንዱ «ሁሉንም እንጨምርና ዛሬውኑ እንውረድ» አለ። ሌላዋ «መኪናዋ ዳግም ብትቆምስ ምን እንጠጣለን?» አለች። እሷ ልክ ነበረች። 6 ሊትር ለራዲያተሩ ሰጠን፣ ቀሪውን ደበቅን ማለት ይቻላል። ውሃውንም የጨመርነው ሞተሩ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ጠብቀን፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከደፋህ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል። ደግሞ ኩላንት የነበረበትን ጀሪካን መቼም ቢሆን ለመጠጥ ውሃ አትጠቀምበት። ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ አያስጠነቅቅህም።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ አየሁት። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ቢሆን ውሃ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ መኪናዋን አላስነሳትም ነበር። ጥቁር ነው። አስነሳኋት። ቱቦው ያዘ።

ያኔ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። ሁለቱ ልጆች በማግስቱ ሥራ ነበራቸው፣ አሁኑኑ እንውረድ አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። በዚያ መንገድ ላይ በጨለማ፣ የተጠገነ ቱቦ ይዤ፣ እያንዳንዱን ጠብታ ማየት በማልችልበት ሰዓት አልነዳም። ተኮራረፍን። እንዲህ ያለው ኩርፊያ ያልፋል። አንተም ብትሆን ከመሸ በኋላ አትውረድ።

ኔትወርክ አልነበረም። ሁለት ልጆች ተያይዘው፣ ከዓይናችን ሳይርቁ፣ ከፍ ወዳለው ሸንተረር ወጡ። ስልክ መደወል አልሆነም፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ሄደ። ደካማ ኔትወርክ ላይ ጽሑፍ ከድምፅ ይሻላል። የጻፉትም ይህ ነው፦ ያለንበት ቦታ፣ አምስት ነን፣ የተጎዳ የለም፣ የራዲያተር ቱቦ ነው የተበላሸው፣ እዚሁ እናድራለን፣ ጠዋት እንወርዳለን፣ እስከ 6 ሰዓት ካልጻፍን ፈልጉን። ብቻውን የሄደ ሰው ግን አልነበረም። ሌላው ሁሉ መኪናዋ ጋ ቆየ። ለሚፈልጋችሁ ሰው መኪና ከሩቅ ይታያል፣ በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አይታይም። ፊሽካ ወይም የእጅ ባትሪ ካላችሁ የተራራ የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ 6 ጊዜ ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና 6። መልስ የሚሰጥ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ከታች በቲሸርት የተነሳ ልጅ እላይ ይንቀጠቀጣል። «ሞተሩን አስነስተን ማሞቂያ እንክፈት» የሚል ጥያቄ ሁለቴ ተነሳ። ሁለቴም እምቢ አልኩ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ያለንን ልብስ ሁሉ ደርበን ተጠጋግተን አደርን።

ጠዋት አዙረን ወረድን። የራዲያተሩን ክዳን እስከ መጨረሻው አላጠበቅኩትም፣ የመጀመሪያው እርከን ላይ ተውኩት። ግፊቱ ሲቀንስ ቱቦው አይጨነቅም። ዋጋው ግን ከላይ ያልኩህ ቁጥር ነው። ያለ ግፊት ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላብሃል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ለቁልቁለት ብቻ ነው፣ ለዳገት አይሆንም። በአንደኛ ማርሽ፣ በፎር ሎው፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አድርጌ ወረድኩ። ፍሬን ላይ እግር ጥለህ ከወረድክ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። በየአሥር ደቂቃው ቆመን ቱቦውን በእጅ ዳሰስነው። አስፋልት ላይ ስንደርስ ለቤተሰብ ጻፍን፣ ከዚያ መኪናዋን አስጎተትን።

ቱቦው ርካሽ ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ። የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚያሽገው፣ ተበልቷል። ሜካኒኩ ቴስታታውን አውርዶ አስተካከለው፣ መኪናዋ ለወር ያህል ቆመች። ያ ሁሉ የመጣው መርፌው ከፍ ብሎ እያየሁ ከነዳሁባት አሥር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሽታው ሲሸት ቆሜ ቢሆን ቱቦውን ቆርጬ፣ ሁለት ሊትር ጨምሬ፣ ምሳ ሰዓት ቤቴ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለን። ከመነሳታችን በፊት ሁላችንም እንስማማለን። መኪናው ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው «አቁም» ካለ ሹፌሩ ይቆማል። «ለምን?» የሚባለው ከቆምን በኋላ ነው። ሹፌር መንገዱን ያያል፣ ሽታና ድምፅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠው ነው። ሰው መናገር ያፍራል፣ ጉዞውን ያበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ አስቀድመህ ፈቃድ ስጣቸው።

ስለ ዕቃ ደግሞ ባጭሩ። ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን 10 ሊትር ውሃ ለብቻው ያዝ። የሲሊኮን ቴፕ፣ ሁለት ትርፍ ፋሼታ፣ ትርፍ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አይቅሩ። ክሪኩን (መኪና ማንሻውን) ቤትህ በር ላይ አንድ ጊዜ ተጠቅመህ ሞክረው፣ ሥሩ የምታደርገው ወፍራም ጣውላም ያዝ። የጎማ መንፊያም እንዲሁ። ናፍጣ ከሆነች የነዳጅ ፊልትሩ ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ የት እንደሆነች ሜካኒክህ ያሳይህ። የነዳጅ መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ መኪናዋ ያለዚያች ፓምፕ በቀላሉ አትነሳም። የመጎተቻ ገመድ ስትይዝ ደግሞ ከተሳቢ ኳሱ (ከኋላ ተሳቢ ከሚያያዝበት የብረት ኳስ) ላይ በፍጹም አታስር። ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወረወራል። ገመዱ ሲወጠርም ሁሉም ሰው ከመስመሩ ይራቅ።

ዛሬ ማታ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ኮፈኑን ክፈት። የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትህ ጨምቃቸው። በተለይ ፋሼታው አጠገብ። አብጦ፣ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወይም ሲጨመቅ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቀይረው። ቅርፊት ካየህ ሳትውል ሳታድር ቀይረው። ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ።