ሸረሪቷ ድሯ ላይ የጻፈችው ምንድነው?

«ጓሮዬ ቁጥቋጦ ላይ ባለ ቢጫ መስመር ሸረሪት አለች። ድሯ መሀል ነጭ የማባዣ ምልክት ሠርታለች። ምንድነው?»

አርጊዮፒ ከሚባሉት ወገን ትመስለኛለች። ምልክቱን ሳይንቲስቶች ስታቢሊሜንተም ይሉታል፣ «ማጽኛ» እንደማለት፤ ድሮ ድሩን የሚያጠነክር መስሏቸው ያወጡለት ስም ነው። ስሙ ቀረ፣ ሐሳቡ ግን ዛሬ ብዙ ደጋፊ የለውም። ጠጋ ብለሽ እዪው፦ አንድ ወፍራም ክር ሳይሆን ቀጫጭን ክሮች ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ የተነጠፉበት ነው፣ ደግሞ አይጣበቅም። እሷም እግሮቿን ሁለት ሁለት አጣምራ በምልክቱ ልክ ዘርግታ ትቀመጥበታለች።

«ወጥመድ እኮ የሚደበቅ ነገር ነው! ለምን ታሳያለች?»

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። በፈረንጆቹ 1983 ተመራማሪዎቹ ቶማስ አይስነርና ስቲቨን ኖዊኪ ባዶ ድሮች ላይ ሰው ሠራሽ ምልክት አደረጉ፤ ምልክት ያለባቸው ሳይበጠሱ ብዙ ቆዩ፣ ምክንያቱም ወፎች ከሩቅ አይተው ይርቋቸው ነበር። በ1990 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች መጡና ምልክቱ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ነፍሳትም ያንን አይተው ይመጣሉ አሉ። ነገሩ አለቀ ሲባል በ1999 በአንድ የአርጊዮፒ ዝርያ ላይ የተሠራ ጥናት ምልክት ያለበት ድር እንዲያውም ያነሰ ነፍሳት እንደሚይዝ አሳየ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስህተቱ ለሁሉም ዝርያ አንድ መልስ መፈለጉ ላይ ነው።

«ምልክቱ ትናንት አራት ክንድ ነበረው፣ ዛሬ ሁለት ብቻ። ታማ ይሆን?»

ኧረ ደህና ናት። ድሯን ቶሎ ቶሎ አፍርሳ እንደገና ነው የምትሠራው። የድሮውን ክር ደግሞ አትጥለውም፣ ትበላዋለች፤ ፕሮቲን ነዋ። ምልክቱን አንዳንድ ቀን በሙሉ፣ አንዳንድ ቀን በግማሽ ትሠራዋለች፣ ጭራሽ የምትተውበትም ቀን አለ። ግልገሎቹማ ብዙ ጊዜ ክብ ነው የሚሠሩት።

«ልጆች አሉኝ። ላጥፋት?»

ተይያት፣ ዝንብና ፌንጣ ትለቅምልሻለች። ልጆቹ ድሩን ቢነኩባት ቀድማ የምታደርገው ነገር ድሩን እያርገበገበች ራሷን ማደብዘዝ ነው። መርዟም ለሰው የሚያሰጋ አይደለም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ስለ ሸረሪት ነው?»

ለእኔ የሸማኔው ድር ነው የሚመስለኝ፣ ያ ከማግ ጋር የሚሄደው። አርጊዮፒማ ማበር የት ታውቃለች? ወንዱ እንኳን ሊጠይቃት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተበልቶ ነው የሚቀረው።