አንዱ ዘንግ ለምን ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይገለበጣል?

ጥያቄሽ «ሄሊኬዝ የተባለው ኢንዛይም ሁለቱን የዲኤንኤ ዘንጎች እኩል ከከፈታቸው፣ ለምን አንዱ ሳይቋረጥ፣ ሌላው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይገለበጣል?» የሚል ነው። እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ሳስተምር እኔንም ያፋጠጠኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ በጃኬት ዚፕ ነበር የማስረዳው። በእኛ ብርድ ጃኬት ያልለበሰ ተማሪ አይገኝም። ዚፕ ግን መከፈቱን እንጂ መገልበጡን አያሳይም። በኋላ ጋቢና የገብስ ቆሎ ይዤ ገባሁ።

ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት ጎን ለጎን መስመር አስምሬ ጋቢውን አለበስኳቸው። ሄሊኬዝ የሆነው ልጅ ጋቢውን ከበሩ ወደ ሰሌዳው ቀስ እያለ ይገፍፋል። ሁለት ልጆች ደግሞ ፖሊመሬዝ (አዲሱን ዘንግ የሚሠራው ኢንዛይም) ሆነው ቆሎውን እንደ ዲኤንኤ ፊደል (ኑክሊዮታይድ) ይደረድራሉ። የዲኤንኤ ዘንጎች አቅጣጫቸው ተቃራኒ ስለሆነ፣ አንዱ ወደ ሰሌዳው፣ ሌላው ወደ በሩ ብቻ እንዲሄድ ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ጋቢውን እየተከተለ ዝም ብሎ ደረደረ። ሁለተኛው ትንሽ እስኪገለጥ ይጠብቃል፣ ከጋቢው ጠርዝ ጀምሮ ወደ በሩ ይደረድራል፣ የቀድሞው ቁራጭ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ወደ ጠርዙ ይሮጣል። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። (ፊደሎቹ በመጨረሻ ተበልተዋል።) ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሬይጂ እና ትሱኔኮ ኦካዛኪ በ1968 ያሳወቋቸው ቁርጥራጮች እነዚህ ናቸው። በባክቴሪያ ከ1000 እስከ 2000፣ በእኛ ሴል ከ100 እስከ 200 ፊደል ያህል ይረዝማሉ። ፖሊመሬዝ ከባዶ መጀመር ስለማይችል እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ፕራይመር (መነሻ የሚሆን አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ) ያስፈልገዋል። ፕራይመሩ በኋላ ተነስቶ ክፍተቱ ይሞላል፤ ሊጌዝ የተባለው ኢንዛይም ቁርጥራጮቹን ይገጣጥማል።

«ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ?» ካልሽ፣ ፖሊመሬዝ ፊደል የሚጨምረው ከአዲሱ ዘንግ ሁለት ጫፎች 3 ፕራይም በሚባለው ላይ ብቻ ነው። አዲስ የሚመጣው ፊደል የመጣበቂያውን ጉልበት በፎስፌቱ እንደ ስንቅ ይዞ ይመጣል። ስህተት ተገኝቶ አንድ ፊደል ቢነቀል፣ ተተኪው የራሱን ስንቅ ይዟልና ሥራው አይቆምም። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ስንቁ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ስህተቱ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል።

ሳይቋረጥ የሚሠራው አዲስ ዘንግ «ሊዲንግ» (መሪ)፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው «ላጊንግ» (ወደኋላ የሚቀር) ይባላል። እኔ ራሴ ለዓመታት የተሳሳትኩት «ላጊንግ» በሚለው ስም ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅ የሚጀምር አድርጌ አስተምሬያለሁ፣ አፈር ልብላ! ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት።

ፈተና ላይ «የላይኛው ሊዲንግ ነው» ብለሽ አትሸምድጂ። ሄሊኬዝ ወዴት እንደሚሄድ እዪ። ከአዲሶቹ ዘንጎች 3 ፕራይም ጫፉን ወደ እሱ ያዞረው ሊዲንጉ ነው።