ውሻህን ጎልፍ ሜዳ ከመውሰድህ በፊት ካዲውን ጠይቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ካዛንቺስ አፓርታማ ውስጥ እንደምትኖር፣ ቅዳሜ ጠዋት ጎልፍ ልትጫወት ስትወጣ ውሻህ ብቻውን ቀርቶ እየጮኸ ጎረቤት እንደሚያማርር፣ የስኮትላንድ ተጫዋቾች ውሾቻቸውን አስከትለው ሲጫወቱ በቪዲዮ እንዳየህ ጽፈሃል። «እኔስ ይዤው ብሄድ ምን ችግር አለው? ውሻው ኳስ ቢነካስ ሕጉ ምን ይላል?» ነው ያልከው። ከመለሱልህ ሰዎች ግማሹ «ሰፊ ሜዳ ነው፣ ውሰደው» ብሏል፤ ሌላው «ጎልፍና ውሻ ምን አገናኛቸው» ብሎ አልፎሃል። እኔ ጎልፍ ለብዙ ዓመት ተጫውቻለሁ፤ ቤቴም ያለ ውሻ ውሎ አያውቅም። አሁን ያለውን ቡቺን አንዳንዴ ሜዳ ይዤው እገባለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ውሻ ይዞ መግባት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ተወው። ክለቡ ቢፈቅድልህም እንኳ የመጨረሻውን ቃል መስጠት ያለበት ቦርሳህን የሚሸከምልህ ካዲ ነው።

ያየኸው ቪዲዮ ውሸት የለበትም። ስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ እሑድ እሑድ ከጥቂት ውድድሮች በቀር ለጨዋታ ይዘጋና የከተማው ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። ብሪታንያ ውስጥ ውሻ በማሰሪያ እስከተያዘ ድረስ የሚያስገቡ ክለቦች ብዙ ናቸው። ነገር ግን እዚያ አብዛኛው ተጫዋች ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ወይም በጋሪ እየጎተተ ነው የሚዞረው፤ ውሻው የሚያገኘው ጌታውንና የጌታውን ጓደኞች ነው። እኛ ጋ ሜዳው ላይ ካዲዎች አሉ፣ ሣር የሚያጭዱ ሠራተኞች አሉ፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው አረም የሚነቅሉ ሴቶች አሉ፣ ጥበቃዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሜዳው ላይ የሚውሉት ለእንጀራ ነው፤ ውሻ ሲመጣባቸው ጥለው ወደ ቤታቸው መሄድ አይችሉም። ደግሞም ብሪታንያ የእብድ ውሻ በሽታን ከውሾቿ ያጠፋችው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ያለ ሰው ውሻ እየሮጠ ሲመጣበት በጭቃ እግሩ ሱሪዬን ያበላሽብኛል ብሎ ሊሰጋ ይችላል። እዚህ ያለው ሰው የሚሰጋው ለሕይወቱ ነው።

ብዙ ጊዜ አብሮኝ የሚዞር አንድ ካዲ አለ። የሜዳውን ተዳፋት ሁሉ ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ ግሪን ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት ሣሩ አጥሮ በታጨደው ቦታ፣ ኳስ ወዴት እንደምትታጠፍ ሲነግረኝ ተሳስቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ከፊታችን ባለው ቡድን ውስጥ አንድ ሰውዬ ጀርመን ሼፐርድ ይዞ ነበር። ውሻው ምንም አላደረገም፤ አልጮኸም፣ ወደ ማንም አልሄደም። ካዲው ግን ከፌርዌዩ፣ ከታጨደው መሄጃ፣ ወጥቶ ቦርሳዬን ደረቱ ላይ አቅፎ በዛፎቹ ጥግ ጥግ መሄድ ጀመረ። ምን ሆንክ ስለው፣ «ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ፓስተር ሆዴ ላይ በየቀኑ ተወግቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳየው ጉልበቴ ይከዳኛል» አለኝ። ለሰውዬው ግን አልነገረውም። ቀጣዩ ሳምንት ላይ ያ ሰውዬ ቢጠራው ቦርሳውን ተሸክሞ ከውሻው ጎን ይሄድ ነበር፤ የቀን ገቢው ነዋ።

ለማታውቁት፣ ፓስተር የምንለው ጉለሌ ያለውን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን ተቋም ነው። ድሮ ይሰጥ የነበረው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ ስለነበር ብዙ መርፌ ይፈልግ ነበር፤ በየቀኑ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው። በዚያ ያለፈ ሰው መቼም አይረሳውም። አሁን ባለው ዘመናዊ ክትባት መርፌው ጥቂት ነው፣ የሚሰጠውም ክንድ ላይ ነው። በሽታው ግን ያው ነው፦ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል፤ በሳምንትም ሊመጣ፣ እስከ 1 ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው በስጋት ነው የሚኖረው። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚመጡት ከውሻ ነው።

ስለዚህ «የእኔ ውሻ የተከተበ ነው» ብለህ ካዲውን ልታረጋጋው አትችልም። እሱ ካርድህን አላየም፤ ቢያይም ሰውነቱ አይሰማህም። ውሻህ ለጨዋታ ብሎ በጥርሱ ጫር ቢያደርገው ሥራውን ትቶ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ የቀን ገቢው ይቀርበታል፣ ቤተሰቡም ይጨነቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ሄደው ውድ ጊዜ ያባክናሉ። እግረ መንገዴን ለሁላችሁም ልበል፦ የማንም ውሻ ይሁን፣ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና።

ሙስሊም የሆኑትንም ካዲዎች አስብ። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ለሶላት ከመቆማቸው በፊት መታጠብ አለባቸው። ዙህር ሲደርስ ሜዳ መሃል ላይ ያለ ሰው ቅያሪ ልብስ ከየት ያመጣል? ውሻህ እግሩን ስለላሰው አንተ ፈገግ ትላለህ፣ እሱ ግን ጸሎቱን እንዴት እንደሚያደርስ እያሰበ ነው የሚውለው።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ውሻውን ከመኪና አውርዶ፣ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ «አትፈራም አይደል?» ይላል። ልጁ «ኧረ አልፈራም ጋሼ» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ጉርሻው በአንተ እጅ ነው። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው የቀረበ ጥያቄ ጥያቄ አይባልም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቀደም ብዬ ካዲዎቹን ለሚመድበው ሰው እደውልና «ነገ ቡቺን ይዤ ነው የምመጣው፣ ውሻ የሚወድ ሰው ካለ እሱ ይውጣልኝ፤ ከሌለ ውሻውን ቤት እተወዋለሁ» እለዋለሁ። ፊት ለፊት ስላልሆነ እምቢ ለማለት ማንም አይሸማቀቅም። «ዛሬ የለም ጋሼ» የተባልኩበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ብቻዬን ሄጃለሁ። ደስ ብሎት የሚመጣም አለ፤ አንደኛው ቤቱ ውሻ ያሳድጋል፣ ቡቺም ከሩቅ ለይቶ ያውቀዋል።

አረም የሚነቅሉትን ሴቶች ያነሳሁት በምክንያት ነው። ውሻ ሲጸዳዳ በፌስታል አንስተህ ትጥላለህ፣ ጥሩ። ነገር ግን ጥሬ ሥጋና የቄራ ተረፈ ምርት የሚበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ትል ሊኖረው ይችላል፤ በዓይን የማይታየው የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ ይቀራል። በባዶ እጅ ሣር የምትነቅል ሴት እጇን በደንብ ሳትታጠብ ምሳዋን ከበላች ወደ ሆዷ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት የሚያመጣው ይኸው ነው። ውሻህን በየ3 ወሩ የትል መድኃኒት ስጠው፤ ለዚህኛው የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ያለበት ነው፣ የእንስሳት ሐኪምህን በስሙ ጠይቀው። ሥጋም ቀቅለህ አብላው።

ስለ ጨዋታው ሕግ የጠየቅከው ቀላል ነው። የቆመች ኳስ ውሻ ቢያነሳት ወይም ቢያንቀሳቅሳት ቅጣት የለም፤ ወደነበረችበት ትመለሳለች፣ ቦታዋ በትክክል ካልታወቀ በግምት። እየሄደች ያለች ኳስ ውሻ ነክቷት አቅጣጫ ብትቀይር ካረፈችበት ትመታለህ። ግሪን ላይ ሆነህ የመታሃት ከሆነች ግን ምቱ አይቆጠርም፣ ከነበረችበት ትደግማለህ። የራስህ ውሻ በመሆኑ የሚለወጥ ነገር የለም። ሕጉ ይህን ያህል ለስላሳ ነው፤ ከኋላህ ያለው ቡድን ግን እንደ ሕጉ ላይታገስህ ይችላል። ቅዳሜን ተወው ያልኩህ አንዱ ለዚህ ነው። ቅዳሜ ሜዳው ይሞላል፣ ቡድን በቡድን ላይ ይደራረባል፣ አንተ ደግሞ ገመድ ስትፈታና ስታስር ሁሉም ቆሞ ይጠብቅሃል።

አሁን ወደ ውሻው ልምጣ። የጎልፍ ኳስ ክብደቷ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፣ ግን ሩቅ በሚመታው ዱላ፣ በድራይቨር፣ በደንብ ከተመታች በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትፈተለካለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ከቆላው ይልቅ እዚህ ራቅ ብላ ትወድቃለች። «ውሻው ሩቅ ነው፣ አይደርስበትም» ብሎ መገመት አያዋጣም። በዚያ ላይ የኳሷ ስፋት 42.67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አፉ ሰፊ የሆነ ውሻ ተጫውቶባት ወደ ጉሮሮው ብትገባ ልታንቀው ትችላለች። ኳስ ማምጣት የለመደ ውሻ ካለህ ሜዳውን ጨርሶ እርሳው። ለእሱ እያንዳንዱ ምት «ሂድ አምጣ» ማለት ነው፤ አራት ሰዓት ሙሉ እየከለከልከው ታሠቃየዋለህ።

የጎዳና ውሾችም አሉ። ሰፈሮች ሲነሱ ሰው ወደ አዲስ ቤት ገባ፤ ብዙ ውሻ ግን መሄጃ አጣ። አጥር ያለበትም ቦታ ቢሆን በቦይና በተቀደደ ሽቦ ሾልከው ይገባሉ። በተለይ ማለዳ በቡድን ሆነው ሣሩ ላይ ተኝተው ታገኛቸዋለህ። ሰው ሲያዩ ተነሥተው ዞር ይላሉ፤ የታሰረ ውሻ ሲያዩ ግን ይመጣሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ያንተው ደግሞ አንተን ሊከላከል ይነሣል። የማውቀው አንድ ተጫዋች ውሻው ተከቦበት ገመዱን ሊለቅ አልፈለገም፣ መሃል ገብቶ እጁን ተነክሶ ክትባት ጀመረ። የነከሰው የራሱ ውሻ ይሁን የጎዳናው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ክረምት ላይ ደግሞ ሣሩ ሲያድግ መዥገር ይበዛል፣ ጭቃው ላይ የውሻ እግር ግሪኑን ይቦጫጭቃል። ሽንቱም ሣሩን አቃጥሎ ቢጫ ክብ ይተዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም እኔ ቡቺን አልወስደውም።

የምወስደው በበጋ፣ በሥራ ቀን፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን ነው። አብሮኝ የሚሄድ፣ ራሱ የማይጫወት ወንድሜ አለ፤ ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው። ይህ ዋናው ነገር ነው፤ ዱላ የሚያወዛውዝ ሰው በአንድ ጊዜ ውሻ ሊጠብቅ አይችልም። ገመዱ አጭር ነው፣ የሚረዝመው ዓይነት አይደለም። ወንድሜ ሁልጊዜ ከመቺው ኋላ ይቆማል፣ ግሪን ላይና ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ውስጥ አይገባም። ሙሉ ዙር አናደርግም፤ 18ቱንም ቀዳዳ ከዞርክ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፀሐዩም ይበረታል። መጨረሻ ያሉትን ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ነው አብሮን የሚሆነው። ውኃውን ይዘን እንሄዳለን፤ ሣር ላይ ከተጠራቀመ ውኃ አናጠጣውም፣ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል።

ያንተ እውነተኛ ችግር ግን ጩኸቱ ይመስለኛል፤ እሱን ጎልፍ ሜዳ አይፈታልህም። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ውሻ ጠዋት ጉልበቱን ሳያወጣ ከተዘጋበት ይጮኻል። ከመውጣትህ በፊት ከ12 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት አራምደው። ካዛንቺስ አካባቢ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ በዚያ ሰዓት ሰው አይበዛበትም። እኔ ስድስት ኪሎ ስለምኖር ቡቺን ጃንሜዳ ዳር ዳር አዞረዋለሁ፤ አትሌቶቹ ከሚሮጡበት እርቃለሁ፣ ምክንያቱም የሚሮጥ እግር ማንኛውንም ውሻ ያባብላል። ተመልሰህ ቁርሱን ስጠው፣ አጥንት መሳይ የሚያኝከው ነገር ተውለት። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት እየተውከው ብቸኝነትን አለማምደው። ቡቺ ሲለምድ ሳምንታት ፈጅቶበታል፣ አሁን በር ስዘጋ ቀና ብሎም አያየኝም። እስከዚያው ድረስ ጎረቤቶችህን አንኳኩተህ እያስለመድከው እንደሆነ ንገራቸው፤ እኔ ስነግራቸው አንዷ እናት ቀን ቀን እያዩልኝ ነበር።

የውሻህን ዕድሜ፣ ዓይነቱንና የመጨረሻ ክትባቱን የወሰደበትን ቀን እዚህ ጻፍልኝ። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ዓመት ካለፈው ሜዳውም ጃንሜዳም ይቆይ፣ መጀመሪያ እሱን አስከትበው።