ሲነጠቅ ከጓደኛው ስልክ ተውሶ መጣ

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ክፍሉ ስገባ ስልኩን ይደፋል። እኩለ ሌሊት ላይ ከብርድ ልብሱ ሥር ብርሃን አያለሁ። ውጤቱም ወርዷል። አባቱ ተናዶ ስልኩን ሲነጥቀው ከጓደኛው አሮጌ ስልክ ተውሶ መጣ። የወንድሜ ልጅ «ሳያውቅ ቴሌግራሙን ልክፈትልሽ» ይለኛል። ላስከፍተው? ሱሰኛ ሆነብኝ መሰለኝ።

መልስ፦ ለጊዜው አያስከፍቱት። ልጅዎ ያወቀ ዕለት ሌላ አካውንት ይከፍታል፤ ማወቁ ደግሞ አይቀርም። ስልኩን ሲነጠቅ ምን እንዳደረገ አይተዋል፤ አልተወም፣ መደበቅ ለመደ።

ሱሰኛ የሚለውንም ይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ወዲህ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ አለ፤ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል መቆየት አለበት። ሌሊት ስልክ ያየ ሁሉ ታማሚ አይደለም።

የእንቅልፉ ነገር ቀላሉ ነው። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ በተፈጥሮው አምሽቶ ይመጣል፤ ቢሆንም በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። የተዋሰውን ስልክ ይመልስ፣ የራሱን ያግኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ በሙሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። የአባትየውም ጭምር! አልጋው ላይ ቲክቶክ እያየ «ተኛ» የሚል አባት ማን ይሰማዋል?

እኔን የሚያሳስበኝ ድብብቆሹ ነው። ምናልባት የወደዳት ልጅ ትኖራለች፤ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን መልእክት ሲገባለት ይደነግጣል? ምክንያቱን ሳይናገር ብር ይጠይቃል? ምግብ ቀንሷል? በቴሌግራም ቆንጆ ልጅ መስለው የሚቀርቡ አሉ። የራቁት ፎቶ ካስላኩ በኋላ «ብር ካልላክህ ለቤተሰብህ እበትነዋለሁ» ይላሉ። ወንዶች ልጆች በሐፍረት አፋቸውን ይይዛሉ። በውርርድ ብር የተበላም እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር ይስማሙ። ከዚያ ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመርምሩት። አብራችሁ ልብስ ስታጣጥፉ ወይም ታክሲ ስትጠብቁ እንዲህ ይበሉት፦ «ስልክህን አምጣ አልልህም። ግን ማንም በፎቶ ቢያስፈራራህ፣ ብር ተበልተህም ቢሆን፣ ለኔ ንገረኝ። አባትህም አይመታህም፤ ተነጋግረናል።» «ምንም የለም እኮ» ብሎ ይነሳ ይሆናል። ይነሳ። በሳምንቱም፣ በወሩም ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን ከጮሁበት ግን ሁለተኛ አይነግርዎትም።

ማስፈራሪያ ደርሶት ከሆነ ብር አትላኩ። መልእክቶቹንም አታጥፉ፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ ሰውየውን ብሎክ አድርጉት፣ ለፖሊስ አመልክቱ።

«ለጊዜው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ መሞት ካወራ ወይም አንድ አዋቂ ሰው ሊያገኘው እየቀጠረው ከሆነ ፈቃዱን አይጠብቁ። ስልኩን እዚያው ፊቱ ይክፈቱት፣ ለምን እንደከፈቱትም ይንገሩት። ስለ መሞት ካወራማ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዱት። የግድ አማኑኤል መሄድ የለባችሁም፤ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አላቸው።