የኢሜይሉን መልክ ሳይሆን አድራሻውን ያንብቡ

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሥራ ስጀምር ከኢሜይል አገልግሎት ሰጪዬ የመጣ የሚመስል መልእክት ደረሰኝ። «የማከማቻ ቦታዎ ስለሞላ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ አካውንትዎ ይዘጋል» ይላል። ዓርማው፣ ቀለሙ፣ የግርጌው ጽሑፍ ሁሉ የማውቀው ነው። ሊንኩን ተጭኜ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ፤ ገጹ «ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ» አለኝ፤ ደግሜ ስጽፍ የመልእክት ሳጥኔ ተከፈተልኝ፤ ስለዚህም ምንም አልጠረጠርኩም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ባልደረቦቼ እኔ ያልላክሁት መልእክት ከእኔ አድራሻ እንደደረሳቸው ነገሩኝ። ምኑን ባይ ኖሮ አውቀው ነበር? አሁንስ ምን ላድርግ? ስሜ አይጠቀስ።

መልስ፦ ሁለተኛውን ጥያቄዎን እናስቀድም፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ይህን በሚያነቡበት ሰዓትም ሌላ ሰው የመልእክት ሳጥንዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የአገልግሎት ሰጪዎን አድራሻ በገዛ እጅዎ ብሮውዘሩ ላይ ጽፈው ይግቡና የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፤ ቀጥሎም በደኅንነት ቅንብሩ ውስጥ ከሁሉም መሣሪያዎች የሚያስወጣውን ትእዛዝ ይስጡ፤ የይለፍ ቃል መቀየሩ ብቻውን ቀድሞ የገባውን ሰው ሁልጊዜ አያስወጣውምና።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ማጣሪያና መልእክት ማስተላለፊያ የሚሉትን ቅንብሮች ከፍተው አንድ በአንድ ይመልከቱ። ሌቦቹ የሚደርስዎትን መልእክት ሁሉ ቅጂ ወደ ራሳቸው የሚልክ፣ ወይም ባልደረቦችዎ «ይህን የላኩት እርስዎ ነዎት ወይ?» ብለው ሲጽፉልዎ መልእክቱን እርስዎ ሳያዩት ወደ መጣያው የሚጥል ደንብ አስቀምጠው መሄድ ልማዳቸው ነው፤ እንዲህ ያለው ደንብ የይለፍ ቃሉ አሥር ጊዜ ቢቀየርም ሥራውን አያቋርጥም። የመጠባበቂያ ስልክ ቁጥሩና ኢሜይሉ የእርስዎ መሆናቸውንም ያረጋግጡ። ያንኑ የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ተጠቅመውበት ከነበረ እዚያም ይቀይሩት። የሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆንዎ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ ክፍያ የሚላላኳቸውን ሰዎች በሙሉ ዛሬውኑ በስልክ ያነጋግሩ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል መልእክት በእርስዎ ስም ቢደርሳቸው፣ ድምፅዎን ሳይሰሙ አንዳች ነገር እንዳይከፍሉ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ እንመለስ። ይህ ማጭበርበር በእንግሊዝኛ ፊሺንግ፣ በእኛ ደግሞ ማስገር ይባላል፤ ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት አቅራቢ ሠራተኞች ነን እያሉ የደንበኞችን የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ሰዎች በበዙበት ጊዜ ነው። የእርስዎ ገጽ ሁለት ጊዜ ያስጻፈዎት በስሕተት አይደለም። የመጀመሪያው «ተሳስተዋል» የሚለው መልስ ሰውን ቀስ ብሎ በጥንቃቄ እንዲጽፍ ያደርገዋል፤ ሌባውም ሁለቱን አስተያይቶ ትክክለኛውን ያገኛል። ከዚያም ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ ይሸኝዎታል። እዚያ ቀድሞውኑ ገብተው ስለነበረ ሳጥንዎ ይከፈታል፤ እርስዎም የከፈቱት በጻፉት የይለፍ ቃል ይመስልዎታል።

ዓርማውንና ቀለሙን በማየት ሊለዩት አይችሉም ነበር፤ ሁለቱንም ከእውነተኛው ገጽ መቅዳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የፊደል ግድፈት መፈለግም ድሮ ይረዳ የነበረ ምክር ነው፤ ዛሬ ንጹሕ ጽሑፍ ለማንም በቀላሉ ይገኛል። የላኪው ስምም ማስረጃ አይሆንም። ኢሜይል የሚላክበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነገግ የላኪውን ማንነት የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም፤ በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም እንደ መጻፍ ማለት ነው። በኋላ የተጨመሩት ማረጋገጫዎች ብዙውን ሐሰተኛ መልእክት ያጣራሉ፤ ነገር ግን የሚመሰክሩት መልእክቱ በእርግጥ ከተባለው ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ከ@ ምልክት በኋላ ከሚጻፈው ስም፣ መምጣቱን እንጂ የዶሜይኑ ባለቤት ታማኝ ሰው መሆኑን አይደለም። በአንዳንድ ብሮውዘሮች ላይ በድረ ገጹ አድራሻ መጀመሪያ የሚታየው የቁልፍ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ የሚጽፉት ነገር በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ያረጋግጣል፤ መጨረሻ ላይ ተቀባዩ ሌባ ከሆነ ግን ለሌባው በምስጢር ደረሰው ማለት ብቻ ነው።

ማየት የነበረብዎት ሊንኩ የሚወስድበትን አድራሻ ነው። በኮምፒውተር ላይ ሳይጫኑ ጠቋሚውን ሊንኩ ላይ ቢያሳርፉ፣ በስልክ ደግሞ ጣትዎን ሳያነሡ ቢያቆዩበት እውነተኛው አድራሻ ይታያል። አነባበቡ ልማድ ይጠይቃል፤ ከኋላ ወደ ፊት ነውና። ከሁለቱ ተከታታይ እዝባሮች (//) በኋላ እስከሚቀጥለው ነጠላ እዝባር ድረስ ያለውን ብቻ ይያዙና ከመጨረሻው ይጀምሩ። ባለቤቱን የሚነግርዎት ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ቃልና ከዚያው ነጥብ በፊት ያለው ስም አንድ ላይ ነው። አድራሻው «አካውንትስ ነጥብ ጎግል ነጥብ ኮም» ከሆነ የጎግል ነው። «ጎግል ነጥብ ኮም» ብሎ ጀምሮ ሌላ ስም አስከትሎ በ«ነጥብ ኔት» ከተዘጋ ግን ባለቤቱ ያ ሌላው ስም ነው፤ ፊት ላይ የተለጠፈው ጎግል ማንም ሊጽፈው የሚችል ጌጥ ነው። እንደ «ሲኦ ነጥብ ዩኬ» ያለ ባለ ሁለት ክፍል መጨረሻ ሲገጥምዎ ደግሞ አንድ ስም ወደ ፊት ይጨምሩ። በተጨማሪም የላቲኑ አር እና ኤን ሲጠጋጉ ኤምን ይመስላሉ፤ የሩሲያው አ ከላቲኑ ኤ በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም እንዲጠቀሙ የምንመክረው፤ እሱ ፊደሉን እንጂ መልኩን ስለማያይ፣ በማያውቀው አድራሻ ላይ የይለፍ ቃሉን አይሞላም። ሁልጊዜ የሚሞላልዎ ቦታ ላይ ዝም ካለ፣ እርስዎም እጅዎን ይሰብስቡ።

ከሁሉ በላይ ግን በመልእክቱ ውስጥ ባለው ሊንክ አለመግባትን ልማድ ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር የነበሩት ጆን ፖዴስታ «የይለፍ ቃልዎ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል» የሚል፣ ከጎግል የመጣ የሚመስል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ረዳቶቻቸው የኮምፒውተር ባለሙያ አማከሩ። ባለሙያው መልእክቱ ትክክለኛ ነው ብሎ ጻፈ፤ በኋላ ሐሰተኛ ነው ለማለት ፈልጎ አንድ ቃል እንደተሳሳተ ተናግሯል። የሚያሳዝነው ግን በዚያው መልሱ የይለፍ ቃል የሚቀየርበትን እውነተኛ የጎግል አድራሻ አብሮ መላኩ ነው። የተጫኑት ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ ያለውን ሊንክ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም ኢሜይሎቻቸው ምስጢራዊ ሰነዶችን በሚያወጣው ዊኪሊክስ በተባለው ድረ ገጽ ወጡ። እርስዎም ያን ዕለት ደብዳቤውን ትተው አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ቢገቡ ኖሮ፣ ማከማቻዎ መሙላት አለመሙላቱን እዚያው ያዩት ነበር፤ ደብዳቤው እውነት ቢሆን እንኳ የሚያጡት ነገር አልነበረም።

ጥያቄ፦ አካውንቴን ስከፍት ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልኬ የሚላክልኝን ኮድ አስገባለሁ። እንግዲህ ማስገር አያሰጋኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ኮዱ ብዙ ይከላከልልዎታል፤ እንዳይተዉት። ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም፤ ሐሰተኛው ገጽ ኮዱንም ሊጠይቅዎትና በዚያችው ቅጽበት ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ አሳልፎ በእርስዎ ስም ሊገባበት ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ፓስኪ (በይለፍ ቃል ፈንታ በመሣሪያዎ ውስጥ የሚቀመጥ ዲጂታል ቁልፍ) ወይም በእጅ የሚያዝ የደኅንነት ቁልፍ ነው፤ ሁለቱም ከተመዘገቡበት ዶሜይን ጋር የተቆራኙ ስለሆኑ በሌላ አድራሻ ላይ ፈጽሞ አይሠሩም።

የይለፍ ቃልም ኮድም የማይጠይቅ ማስገርም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ራሱን ጎግል ዶክስ ብሎ የሰየመ ሐሰተኛ አፕ ብዙ ሰዎችን አሳስቷል። ሊንኩ የሚወስደው ወደ እውነተኛው የጎግል ገጽ ነበር፤ እዚያም የሚጠየቁት ኢሜይልዎን እንዲያነብ ለአፑ ፈቃድ እንዲሰጡ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ፍቀድ» ከማለትዎ በፊት ጠያቂው ማን እንደሆነና ምን ሊያይ እንደሚፈልግ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ቀድሞ የፈቀዱለትን ደግሞ በአካውንትዎ ደኅንነት ገጽ ላይ ከአካውንትዎ ጋር የተገናኙ አፖች ከሚዘረዘሩበት ያገኙታል፤ የማያውቁትን ካዩ ፈቃዱን ይሰርዙ።