ቅጠል መልቀም ብቻ ከመሰለሽ

የአራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነሽ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉትን የፖሊኔዥያ ደሴቶች የባህል መድኃኒት አጥንተሽ አዲስ መድኃኒት መፈለግ ትፈልጊያለሽ። ቤተሰቦችሽ ግን «ቅጠል ለቃሚ ልትሆኚ ነው?» እያሉ ይስቁብሻል። እውነት ሥራ አለው ወይ ብለሽኛል።

አለው። ብዙው ሥራ ግን ደሴቱ ላይ ሳይሆን ላብራቶሪ ውስጥ ነው።

ከነዚሁ ደሴቶች መካከል ባለችው አገር በሳሞአ የሚበቅለውን ማታላፊ የሚባል ቁጥቋጦ ውሰጂ። ባህላዊ ሐኪሞቹ ቅጠሉን ጨቅጭቀው ጭማቂውን ለትኩሳትና ለቁርጥማት ይሰጣሉ። ሴሴኢ ሞሊማው-ሳማሶኒ የተባለች ሳሞአዊት ተመራማሪ ጭማቂውን የሞከረችው እርሾ ላይ ነው። አዎ፣ የዳቦው እርሾ! የተለያየ ጂን የጎደላቸው እርሾዎች ጭማቂው ሲነካቸው የትኞቹ እንደሚዳከሙ ታየ። ፍንጩ ወደ ብረት ማዕድን መራቸው፤ ቅጠሉ ውስጥ ብረትን አንቀው የሚይዙ ንጥረ ነገሮች አሉ። በ2021 በወጣው ጥናት፣ በሽታ ተከላካይ ሴሎች ላይ ሲሞከር መቆጣትን በመቀነስ ከአይቡፕሮፌን (ከታወቀው የሕመም ማስታገሻ) ጋር የሚወዳደር ውጤት አሳየ። በሴል ነው እንግዲህ፣ ሰው ላይ ገና ነው።

ኬሚስትሪና ጄኔቲክስ የሚያስጠላሽ ከሆነ አሁኑኑ ሌላ ፈልጊ። በኋላ ማምለጫ የለውም።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። ኤፔኔሳ ማውይጎአ የተባሉ ሳሞአዊት አዋቂ፣ ማማላ ከሚባል ዛፍ ለወፍ በሽታ የሚሆን መድኃኒት ያዘጋጁ ነበር። ይህንን ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለፖል ኮክስ አሳዩት። ከዛፉ የተገኘው ፕሮስትራቲን ኤችአይቪ ላይ የሚሠራ መሆኑ በ1992 ታተመ። ይኸው እስከ ዛሬ ፋርማሲ ገብቶ አልተሸጠም። ገቢ ቢገኝ ግን ባለቤቶቹ አልተረሱም፤ በ2004 የአሜሪካው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ግማሹን ለሳሞአ ለመስጠት ተፈራርሟል። ያለ ስምምነት አንድም ቅጠል ሻንጣሽ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ አደራ።

ከዚህ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? የመመረቂያ ጥናትሽን በፋርማኮግኖሲ፣ ማለትም ከተፈጥሮ የሚገኙ መድኃኒቶችን በሚያጠናው ዘርፍ ያዢ፤ ዳማከሴም ይሁን ሌላ፣ ከቅጠል ንጥረ ነገር ማውጣትና መለየት እጅሽ ላይ ይግባ። ከዚያ ኒውዚላንድ ላሉ ፕሮፌሰሮች ስትጽፊ «ፍላጎት አለኝ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ የሠራሽውን ላኪላቸው። ሞሊማው-ሳማሶኒም ዶክትሬቷን የሠራችው እዚያው ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ከተማ ነው።

ርዕስ ስትመርጪ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።